ሚስታቸውን ለማንሳት ብረት የሠሩት የጋሽ ደረት የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም ጋሽ ደረት እያልን የምንጠራቸው አጎታችን በ1946 ዓ.ም. ከከባድ መኪና ሹፌር አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ ዳር ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ናቸው። ሲወለዱ በጣም ትንሽ ስለነበሩ አባታቸው መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አይተው፣ "ይሄ ልጅ ነው ወይስ የልጅ ናሙና?" ብለው ነበር ይባላል። ይህን ነገር እናታቸው እስከ እርጅናቸው ድረስ እየነገሩ ያስቁን ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሰፈር ውስጥ ባለው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ትምህርት ላይ ክፉ አልነበሩም፤ ግን እውነቱን ለመናገር ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ሌላ በጉጉት የሚጠብቁት አልነበረም። በ1961 ዓ.ም. በርና መስኮት የሚሠራ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ገብተው ብየዳ ተማሩ፤ እስከ ጡረታቸውም ከዚያ ሙያ አልወጡም። ዛሬ ድረስ በዚያ ሰፈር ሲከፈት የማይጮህ በር ካያችሁ የሳቸው እጅ ነው።

ብረት ማንሳት የጀመሩት እዚያው ወርክሾፕ ጓሮ ነው። ያኔ ጂም የሚባል ነገር ማን ያውቃል! ከጓደኞቻቸው ጋር የወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞሉ፤ ከአባታቸው ያገኙትን አሮጌ ቸርኬ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ላይ በየዱ፤ አግዳሚውንም ከበር ቁርጥራጭ ሠሩ። መስታወታቸው ከቁም ሳጥን የተነቀለ በር ነበር። ታችኛው ግማሹ ስለተሰበረ የሚያሳየው ከወገብ በላይ ብቻ ነው። ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። ሰው የሚያየውን ነዋ የሚያሳምረው! ደረት፣ ክንድ፣ ትከሻ፤ በነጋታውም ደረት፣ ክንድ፣ ትከሻ። አግዳሚው ላይ ተጋድሞ ብረት ለመግፋት ወረፋው እስከ በሩ ይደርሳል፤ ብረት ትከሻ ላይ ጭኖ ቁጢጥ ብድግ ማለት ሲመጣ ግን ሁሉም ድንገት ጉልበቱን ያመዋል። አጎታችን ከሁሉም በላይ ገፉ። በር ሲገቡ ደረታቸው ቀድሟቸው ይገባ ስለነበር ስሙም ያኔ ወጣላቸው።

አበላላቸውም ከዚህ አይሻልም ነበር። እንቁላል ጡንቻ ይሆናል ሲባል ሰሙ፤ በቃ፣ እንቁላል ብቻ። ዳቦ ያወፍራል ብለው ተዉ። ምስርና ባቄላ የታመመ ሰው ምግብ ነው ብለው ናቁ። ከወርክሾፑ ፊት ለፊት በነበረችው ትንሽ ሱቅ እንቁላልና ወተት ይሸጡ የነበሩት ደግሞ የኋላዋ ባለቤታቸው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ናቸው። እትዬ፣ ጋሽ ደረት በየቀኑ ያን ሁሉ እንቁላል ሲገዙ እያዩ ከረሙና አንድ ቀን አላስችል አላቸው።

"ወንድሜ፣ ኬክ ቤት አለህ እንዴ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?"

"ለራሴ።"

እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸውና፣ "እኔስ ዶሮዎቹ አሳዘኑኝ" አሉ።

በ1967 ዓ.ም. ከተማው ሲኒማ ቤት ውስጥ የሰውነት ቅርጽ ውድድር ተዘጋጀ። ጋሽ ደረት ዘይት ተቀብተው፣ ቁምጣ ለብሰው፣ ዕድሜ ልካቸውን በሱሪ የተሸፈነውን እግር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ይዘው ወጡ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ፣ "ኧረ ሰውዬው በማን እግር ነው የቆመው?" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እትዬም ከወንድማቸው ጋር እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በነጋታው ጋሽ ደረት አንገታቸውን ደፍተው ሱቁ ጋ ሲደርሱ እትዬ፣ "ትናንት ክፉኛ ስቄብሃለሁ፤ አትቀየመኝ። ግን ያ ሁሉ እንቁላል ወደ እግር አይወርድም እንዴ?" አሏቸው። ሊቆጡ ፈልገው ሳቅ ቀደማቸው። እትዬ ያን ቀን የራሳቸውን ምሳ፣ ምስር በዳቦ፣ ለሁለት አካፍለው ሰጧቸው። ጋሽ ደረት እንደሚያወሩት፣ ከዚያ ምሳ በኋላ ወርክሾፕ ተመልሰው ያነሱትን ያህል ብረት ከዚያ በፊት አንስተው አያውቁም። ፍቅር ይሁን ዳቦው እሳቸውም አያውቁትም።

በ1970 ዓ.ም. ተጋቡ። በሠርጋቸው ፎቶ ላይ የጋሽ ደረት ኮት ያልተቆለፈው ለማማር አይደለም፤ ስለማይደርስ ነው። ትዳራቸው በሁለት ልጆች ተባረከ፤ ሴቷ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ወንዱ የአውቶቡስ ሹፌር ሆነውላቸዋል።

በ1975 ዓ.ም. የወርክሾፑን ጓሮ ተከራይተው ጣራ አለበሱና የሰፈሩን ብረት ቤት ከፈቱ። እዚያ ያደግን ሁሉ ሽታው ዛሬም አፍንጫችን ውስጥ አለ፤ ዝገት፣ ላብ፣ ከጎን የሚመጣ የብየዳ ጭስ፣ ምድጃ ላይ የሚንተከተክ ባቄላ። ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው። አግዳሚው በሰንሰለት ይታሰራል፤ ቁልፉ ጋሽ ደረት ኪስ ውስጥ ነው። እግሩን ያልሠራ ሰው ደረት አይሠራም። "ጋሽ ደረት፣ ዛሬ ብቻ!" ብሎ የሚለምን አይጠፋም። "የኔን ፎቶ ላሳይህ?" ይሉታል፤ የሲኒማ ቤቱን ማለታቸው ነው። አዲስ የመጣ ሰው ስሙን ከመጠየቁ በፊት፣ "ቁርስ ምን በላህ?" ይባላል። "ሻይ" ያለ ወዲያው ይመለሳል። ኋላ ላይ በቆርቆሮ የታሸገ የጡንቻ ዱቄት ገበያውን ሲሞላው አንድ ጎረምሳ ይዞ መጣና እንዲቀምሱለት ሰጣቸው። ቀመሱና፣ "መጥፎ አይደለም። ግን ይሄን ከመግዛትህ በፊት ራትህን መብላት አትጀምርም?" አሉት።

በ2003 ዓ.ም. እትዬ ሱቃቸው ውስጥ እንደቆሙ ወደቁ። ደም ግፊት ነበር። ነፍሳቸው ተረፈች፤ የግራ ጎናቸው ግን አልታዘዝ አለ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ከዚያ ወደ መስኮት፣ ሁሉም በሰው ትከሻ ሆነ። ጋሽ ደረት፣ "ምን ችግር አለ፣ እኔ አለሁ አይደል!" አሉ። ግን ብረት ቤት የሚውሉት ሌላውን ሲያርሙ ነበር፤ ራሳቸው ከብዙ ዓመታት ወዲህ የሚሠሩት ለትዝታ ያህል ያችኑ ደረት ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት እትዬን በክንዳቸውና በወገባቸው አንጠልጥለው ሊያነሱ ሲሉ ወገባቸው ቀጭ አለ። ሁለቱም አልጋውና ወንበሩ መሀል መሬት ላይ ተዘረጉ። ጎረቤት ያሉት ልብስ ሰፊ ድምፅ ሰምተው ሲገቡ ጋሽ ደረት ሕመማቸውን ውጠዋል፤ እትዬ ግን ወለሉ ላይ እንደተጋደሙ፣ "ዛሬም በደረትህ ነው የምታነሳኝ?" እያሉ ይስቁ ነበር።

ልጆቹ ግን አልሳቁም። ሴት ልጃቸው እንባዋን እየጠረገች፣ "አባዬ፣ አንተም ሸምግለሃል። መንከባከቢያ ቤት ትግባ፤ ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለ፣ በየቀኑ እንሄዳለን" አለች። ወንድሟም ተስማማ። ጋሽ ደረት ብዙ አልተከራከሩም። "ወገቤ እስኪሽር እናንተ አንሷት። ከዚያ ድጋሚ ከጣልኳት እኔው ራሴ እወስዳታለሁ" አሉ።

ወገባቸው እንደሻረ ብረት ቤት ገቡና የሚሠሩትን ሁሉ ቀየሩ። ደረት ተዉ። ክንድ ተዉ። ቁጢጥ ብድግ፣ ከመሬት ማንሳት፣ ከባድ ነገር አቅፎ መራመድ፤ ይኸው ነው። መጀመሪያ ባዶ ዱላ ትከሻቸው ላይ አድርገው ወንበር ላይ እየተቀመጡ ተነሱ፤ ጎረምሶቹ ሲያዩዋቸው አፍረው ዓይናቸውን ያዞሩ ነበር። ቀስ እያሉ ጨመሩ። ኋላ ደግሞ፣ "ብረት እጀታ አለው፤ ሰው እጀታ የለውም" ብለው ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄዱና እጅና እግር ያለው ትልቅ የሸራ ከረጢት አሰፉ። በእትዬ ክብደት ልክ አሸዋ ሞሉት። ጎረምሶቹ ሙሽራዋ ብለው ስም አወጡለት። ጋሽ ደረት ሙሽራዋን አቅፈው ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለሱ ቤቱ በእልልታ ይናጋ ነበር። ወሬው እትዬ ጆሮ ሲደርስ፣ "ከኔ ትወፍራለች?" ብለው ጠየቁ።

የአበላሉ ጉዳይ ደግሞ የእትዬ ሥልጣን ሆነ። ሰው ሲያረጅ ብረት ማንሳቱ ሳይሆን መብላቱ ነው የሚከብደው፤ ጋሽ ደረትም ቁራሽ ዳቦ በሻይ ቀምሰው የሚነሱ ሰው ሆነው ነበር። እትዬ አልጋቸው ላይ እንዳሉ በደህና እጃቸው ሳህኑን እየገፉ፣ "ሳትጨርስ አታነሳኝም" ይላሉ። እንቁላል ከነዳቦው፣ ከሰዓት ምስር፣ ማታ ዓሣ ወይም እርጎ። ያለቀ ሳህን ሳያዩ ክንዳቸውን ባላቸው አንገት ላይ አያኖሩም። እንዲህ ሆኖ እትዬ ያለሌላ ሰው እርዳታ በባላቸው ክንድ ብቻ ተነስተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ በመስኮት መንገዱን አዩ፣ ከሚያልፈው ሁሉ ጋር ተቀላለዱ። ልጆቹም የመንከባከቢያ ቤቱን ነገር ማንሳት ተዉ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት ጋሽ ደረት እትዬን አነሱና ሳያስቀምጧቸው ቆሙ።

"ቀለልሽብኝ" አሉ።

"አንተ በርትተህ ነዋ።"

"ሙሽራዋ አልቀለለችም። አንቺ ነሽ የቀለልሽው።"

እትዬ መጀመሪያ ሊያስቁ ሞከሩ። አልሆነም። ለካ እሳቸው የባላቸውን ሳህን እየገፉ የራሳቸውን ይደብቁ ኖሯል፤ ግማሹን ለድመቷ፣ ግማሹን በመሐረብ ጠቅልለው ከትራስ ሥር። "ወገብህ አሳዘነኝ፤ ትንሽ ብቀልልህ ብዬ ነው" አሉ። ጋሽ ደረት በትዳር ዘመናቸው በእትዬ ላይ ጮኸው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ጎረቤት እስኪሰማ ጮኹ። "እኔ ልበረታልሽ እንጂ አንቺ ልታልቂልኝ አልተስማማንም! ከብደሽ ኑሪ፣ የማንሳቱን ነገር ለኔ ተይው!" ከዚያ ተቀምጠው አለቀሱ። በማግሥቱ ጎረምሶቹ ሙሽራዋን ተሸክመው ቤት አመጧትና እትዬ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። "እሷን እስክታክይ እዚህ ነች" ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳህን ነው የሚቀርበው፤ ሁለቱም ተያይተው ነው የሚበሉት። ሙሽራዋ ወደ ብረት ቤት የተመለሰችው በስድስተኛው ወር ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጋሽ ደረት የጉበት ሕመም ያዛቸው። በሐኪም ቤትም በቤትም ብዙ ተደረገላቸው። ያ ደረት ከሸሚዙ ውስጥ ሲጠፋ ማየት ከባድ ነበር። እሳቸው ግን ስለራሳቸው አንድም ቀን አላማረሩም፤ ጭንቀታቸው አንድ ነበር፦ "ማን ያነሳታል?"

ወንድ ልጃቸው ብረት ወዶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል፣ ወገቡን ሁሌ የሚያመው ሰው ነው። እሱው መጣና፣ "አባዬ፣ አሳየኝ" አለ። ጋሽ ደረት አልጋቸው ላይ ተደግፈው፣ እትዬ ወንበራቸው ላይ ሆነው ማስተማር ጀመሩ። "ቁጢጥ በል። ቂጥህን ወደ ኋላ! ጠጋ በላት፣ እናትህ ናት፣ አትነክስህም።" እትዬም ከዚያ በኩል፣ "ቀስ ብዬ ነው የምነሳው፤ አውቶቡስ አይደለሁም!" ይሉታል። ልጁ በላብ ይጠመቃል። ስንት ጊዜ ጀምሮ ተወው! ብረት ቤትም መሄድ ጀመረ፤ የአባቱ ልጅ ነው ተብሎ አልተማረለትም፣ ከባዶው ዱላ ነው የጀመረው። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት እየመጣ አነሳ። ጋሽ ደረት በየቀኑ ስህተት ያገኙለታል። ጉልበትህ፣ ጀርባህ፣ ትንፋሽህ። አንድ ቀን እንኳ "ደህና ነው" አላሉትም።

ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ልጃቸው እናቱን አቅፎ አነሳና ከባላቸው አልጋ አጠገብ አስቀመጣቸው። ጋሽ ደረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከቱ። ሁላችንም የሚታረመውን ጠበቅን። ምንም አላረሙም። ዓይናቸውን ወደ እትዬ መልሰው፣ "አሁን ይችላል" አሏቸው። እትዬ ደህና እጃቸውን ባላቸው ክንድ ላይ አሳረፉ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደረት በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ጋሽ ደረት ለሥራቸው ታማኝ፣ ለጎረቤት ደራሽ፣ ሰው ሳይበላ የማይሸኙ አባት ነበሩ። ባለቤታቸውን እትዬን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና በእግር አስጀምረው ያሳደጓቸውን የሰፈር ጎረምሶች ትተውልን ሄደዋል። እትዬም እቤታቸው ናቸው፤ እዚያው መስኮታቸው አጠገብ ይኖራሉ። ለመላው ቤተሰብና ወዳጅ መጽናናቱን ይስጥልን።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን የሚወዱትን ሰው እንደሚያነሱ ቀስ አድርጎ አንሥቶ፣ በእቅፉ ያሳርፍልን። አሜን።