በሩ ጋ ያለችው ወንበር፦ የእታለም የሕይወት ታሪክ

እታለም ከአውቶቡስ ሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉበት ቤት ሁለት ክፍል ነበር፤ የፊተኛው ክፍል ቀን የእናታቸው የስፌት መኪና ይሠራበታል፣ ማታ ልጆቹ ይተኙበታል። "እታለም" ብለው የጠሯቸው መጀመሪያ ታናናሾቻቸው ናቸው። በኋላ ከእስር የወጣውም፣ ከቤት የተባረረችውም፣ ሥራ ያጣውም በዚሁ ስለጠራቸው እዚህም በዚሁ እንጠራቸዋለን።

ዛሬ በዚህ ቀብር ላይ "ደፋር ሴት ነበሩ" የሚል ሰው አይጠፋም። ውሸት ነው። እታለም ፈሪ ነበሩ። በልጅነታቸው ጨለማ ይፈሩ ነበር፤ ካደጉም በኋላ የድስት ክዳን ሲወድቅ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉ ነበር። ይህን የምንጽፈው ልናሳንሳቸው አይደለም። "ደፋር" እያልን የምናወድሳቸው ለራሳችን ስለሚመቸን ነው፤ ሥራው የደፋሮች ከሆነ እኛ ቤታችን ቁጭ ማለት እንችላለንና።

በ1956 ዓ.ም.፣ እታለም ገና የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሳሉ፣ ታላቅ ወንድማቸው በጠብ ሰው አቁስለው ታሰሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተፈትተው ሲመለሱ በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቅቷቸው ነበር። በሩን ገርበብ አድርገው፣ ወንበራቸውን ደጃፉ ላይ አስጠግተው ይበሉ ነበር። መንገደኛው ባየ ቁጥር አባት ያፍራሉ። አንድ እሑድ አባት "እንደ ዘበኛ በር ላይ አትጎለትብኝ" ብለው ወንበሩን አነሱና ወደ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው ጀርባ አስገቡት። ወንድማቸው በማግስቱ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው አልተሰማም። እናት እስኪሞቱ ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር የስፌት መኪናቸውን ያቆሙ ነበር። እታለምም ሁለት ፍርሃት ይዘው አደጉ። የሚያንኳኳውን ሰው ይፈራሉ፤ ደግሞ የሚጠበቀው ሰው ሳያንኳኳ ይቀር ይሆን ብለው ይፈራሉ።

ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት አጠናቀው በ1967 ዓ.ም. በማኅበራዊ አገልግሎት በዲፕሎማ ተመረቁ። ወዲያውም በማረሚያ ቤት፣ የሚፈቱ ሰዎችን ጉዳይ በሚያስፈጽመው ክፍል ተቀጠሩ። በ1970 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህር ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው በ1999 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አንዲቱን ቀልድ አልተዉአትም፤ ቀኑን ሙሉ ከነፍሰ ገዳይ ጋር የዋለች ሴት አይጥ አይታ አልጋ ላይ ትወጣለች ይሉ ነበር። እታለምም ነፍሰ ገዳዩ ቢያንስ ሰላም ብሎ ነው የሚገባው እያሉ ይመልሱላቸው ነበር።

ከቢሯቸው መስኮት ዋናው በር ይታያል። ሰው ዕቃውን በፌስታል ይዞ ይወጣል፤ ወደ ቀኝ ይሂድ ወደ ግራ ሳያውቅ ይቆማል። ዓመት ሳይሞላው ያው ፊት ተመልሶ ይመጣል። "አይታረሙም" የሚሉ የሥራ ባልደረቦች ነበሯቸው፤ ዛሬም በትልልቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይህንኑ የሚሉ አሉ። የት ይደር፣ ማን ይቅጠረው፣ መታወቂያውን ማን ያድስለት ብለው አንድ ቀን ሳይጠይቁ።

በ1982 ዓ.ም. እታለም ሥራቸውን ለቀው፣ ጎሚስታ ቤት የነበረ አንድ ክፍል ተከራይተው የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱ። ወለሉ በዘይት የጠቆረ ሲሚንቶ ነው፣ መስኮት የለውም፣ መውጫው አንዱ የብረት በር ብቻ ነው። በኋላም ከጀርባው ጥቂት አልጋዎች ተጨመሩ። እዚያ ማመልከቻ ይጻፋል፣ መታወቂያ ይወጣል፣ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው አጃቢ ያገኛል፣ ልጅ ይዛ የተባረረች እናት ታድራለች።

አንድ ባለሙያ ለሥልጠና መጥተው ሠራተኛ ምንጊዜም በሩ ጋ፣ እንግዳው ወደ ውስጥ መቀመጥ አለበት ብለው አስተማሩ፤ ነገር ከተበላሸ ሮጦ ለመውጣት። እታለም አመስግነው ሸኟቸውና ተቃራኒውን አደረጉ። ሁለት ወንበሮች ነበሩ። በሩ ጋ ያለችው የእንግዳው ሆነች፤ እርሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው፣ ማምለጫ በሌለው በኩል ተቀመጡ። ለሠራተኞቻቸውም በሩ ጋ የሚቀመጠው የፈራ ሰው ነው አሏቸው። እርሳቸው አይፈሩም ነበር ማለት አይደለም። እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር፣ በጉልበታቸው መሐል ይይዙት ነበር፤ እንዳይታይ።

በ1994 ዓ.ም.፣ በኋላ በብየዳ ሥራቸው "በያጁ" የተባሉት ሰው መጡ። በያጁ ሰው ገድለው፣ ረጅም ዘመን ታስረው የተፈቱ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ አንቱ ተብለዋል፤ ቅር የሚለው ሰው ቅር ይበለው። ግዙፍ ናቸው፣ አይናገሩም፣ ሲቀመጡ ዓይናቸው ከበሩ አይነቀልም። እታለም እንደ እርሳቸው የፈሩት ሰው አልነበረም። በያጁ ከመምጣታቸው በፊት ውኃ ይጠጣሉ፤ ከሄዱ በኋላ ጠረጴዛውን ይዘው ይነሳሉ።

ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ቤቱ ይዘጋ ተባለ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። በያጁም መጥተው ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። የፋርማሲው ባለቤት ተነስተው ስለ ልጆች ደኅንነት ብዙ ከተናገሩ በኋላ እታለምን በሰው ፊት ጠየቋቸው።

"እርስዎ ራስዎ አይፈሩትም? እስቲ እውነቱን ይንገሩን።"

አልፈራም ቢሉ ቤቱ ይተርፍ ነበር። እታለም ግን ተነሱ።

"እፈራቸዋለሁ። ግን ፈራሁ ብዬ ሰው አላስወጣም። ከቤታችን አንድ ጊዜ የወጣ አለ፤ እስከ ዛሬ አልገባም።"

በያጁ ተነስተው ወጡ። ሰዎች ችግሩ በራሱ እግር ሄደ ብለው ስብሰባውን ያለ ውሳኔ በተኑት። እፎይታቸው ግን አልቆየም። ተዋርዶ የሄደ ሰው ሊበቀል ይመጣል ተባለ፤ ፋርማሲው በጊዜ ይዘጋ ጀመር፣ ልጆች ብቻቸውን መላክ ቀረ። ሰፈሩ እንዳይመጡ ፈራ። እታለም እንዳይቀሩ ፈሩ። አባታቸው ያደረጉትን እርሳቸውም በአንደበታቸው ያደረጉት መሰላቸው። ዝናብ ቢገባም የብረቱን በር አላዘጉም፤ በሩ ጋ ባለችው ወንበርም ማንንም አላስቀመጡባትም።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ከሰዓት ክፍሉ ጨለመባቸው። ቀና ሲሉ በያጁ በሩን ሞልተው ቆመዋል። እታለም ሊነሱ አሰቡ፤ ቢነሱስ በየት ያልፋሉ?

"ወንበሬ አለች?" አሉ በያጁ።

"አለች።"

ተቀመጡ። ከዚያ እታለም የጀመሩላቸውን የሥራ ማመልከቻ ከቆመበት ቀጠሉ፤ በያጁም በአንድ የብረታ ብረት ቤት ተቀጠሩ። እስከ ዛሬ አንድ ልጅ አልነኩም። የፋርማሲው ባለቤት በር ሲሰበር ግን በይደውላቸዋል፤ ባለቤቱ ይህን ሲናገሩ የሰማ የለም።

እታለም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው ባለፈው ወር ሆስፒታል ገቡ። ሞትን በጸጋ ተቀበሉ ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። አልተቀበሉም፤ ፈሩ። አልጋቸው ከረጅሙ ክፍል መጨረሻ፣ ግድግዳው ጥግ ነበር። የልጆቻቸውን እጅ ጨብጠው ዓይናቸውን ከሩቁ በር አይነቅሉም ነበር። ልጆቻቸው እናታቸው ምን እንደሚያዩ አልገባቸውም። በያጁ ሊጠይቁ መጥተው አንድ ጊዜ አዩአቸውና ወደ ነርሷ ሄዱ። ነርሷ በሩ ጋ ብርድ አለ፣ ሰው ይበዛል አለቻቸው። ለምነው አሳመኗት። ከዚያ የአልጋውን ፍሬን በእግራቸው ፈትተው፣ ታላቂቱ ልጅ ግሉኮሱን ይዛ እየተከተለች፣ በበሽተኞቹ መሐል ቀስ ብለው እየገፉ በሩ ጋ አደረሷቸው።

"በሩ ጋ የሚቀመጠው የፈራ ሰው ነው" አሏቸው። "ያሉት እርስዎ ነዎት፣ እታለም።"

እታለም እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥተው ደረታቸው ላይ አደረጉት። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልደበቁትም። ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ በ70 ዓመታቸው ዐረፉ።

እታለም የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ታናናሾቻቸውን፣ በያጁን፣ በዚያ ቤት ያለፉትን ሁሉ ትተው ሄደዋል። ቤቱ አሁን ይዘጋል ብለው ተስፋ ያደረጉ ካሉ፣ ነገ ጠዋት ይከፈታል። ታላቅ ወንድማቸውንም ከሟች ቤተሰብ እንቆጥራቸዋለን፤ በሕይወት ካሉና ይህን ከሰሙ፣ ወንበራቸው አለች።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ፍርሃት የሌለበትን ማረፊያ ይስጥልን። ቦታውን እስክትለምደው ድረስ ግን በሩ ጋ ያስቀምጥልን።