ጥይት እንዳይሆን የታሰረ ካሳ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከንፈሬ አብጦ ወተት እንኳ መጠጣት አቃተኝ። የመታኝ የገዛ ወንድሜ ሞላ ነው።

ሽማግሌዎች ደም ካደረቁ በኋላ የገዳዩ ዘመዶች የከፈሉትን ካሳ፣ ለሟቹ ወንድማችን ለካሴ ልጆች እንዳስቀምጠው ለእኔ ሰጡኝ። ሞላ ግን «በገንዘባቸው ጥይት ገዝቼ እመልስላቸዋለሁ» እያለ ሲዝት ከረመ።

ትናንት ጠዋት ፒያሳ ወርጄ ባንክ ገባሁ። ቁጠባ ላይ ልተወው ወይስ ለመንግሥት ለሦስት ወር የሚያበድሩበትን የግምጃ ቤት ሰነድ ልግዛበት? ሠራተኛው ስለ ወለዱ ሲያስረዳኝ አቋረጥኩት።

«አሁኑኑ ስጡኝ ብዬ ባለቅስስ?»

«ከቁጠባ ወዲያው ይወስዳሉ። ሰነዱ ግን ሦስት ወሩ ካልሞላ ቢያለቅሱም አይወጣም።»

ሰነዱን ገዛሁ።

ከሰዓት ሞላ ከአምባ ጊዮርጊስ መጣ። «ተነሽ፣ ባንክ እንሂድ!» አለኝ። ብሩ እንደታሰረ ስነግረው መጀመሪያ በጥፊ፣ ከዚያ በዱላ አጣደፈኝ። የስፌት ማኪናዬን አንስቶ መሬት ላይ ፈጠፈጠው። «እቴ፣ የካሴን ደም ለመንግሥት አበደርሽው?» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰና ወጥቶ ሄደ። እኔ ደም እየተፋሁ በልቤ ደስ አለኝ። በሦስት ወር ስንት ቁጣ ይበርዳል አልኩ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሚስቱ ደወለች።

«ምነው እትዬ፣ ሞላ ምን አግኝቶት ነው? ሁለቱንም በሬዎች ፈትቶ ወደ ገበያ ነዳቸው።»

ስለ በሬዎቹ አላሰብኩም ነበር።