ለሙዓዝ፣ ስለ ሮኬቷና ስለ ሱቁ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ነሐሴ 2 ቀን 2006 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሙዓዝ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ስልኬን አላነሳ ስላልክ ይህን ወረቀት በኮምቦልቻ ሚኒባስ ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ቀድደህ ከመጣልህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበው። የጻፍኩት ሱቁን ስላልዘጋሁ ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም።

ቃሌን አጥፌያለሁ፣ አልክድም። ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው እማዬ ፊት «ያቺ ሮኬት እስከ ዒድ ካልወጣች የዲሽ ሱቁን ትዘጊያለሽ» አልከኝ፤ እኔም እልህ ይዞኝ «እዘጋለሁ» አልኩ። ሮኬቷ የምትሸከማት አዲስ ሳተላይት ስትመጥቅ ጣቢያዎቹ ወደ እሷ እንደሚዛወሩ፣ ሞገዷም ጠንካራ ስለሆነ ትንሹ ዲሽ እንደሚበቃ ለደንበኞቼ ሁሉ ነግሬ ነበር። ትልቁን አትግዙ ብዬ ያስቀረኋቸው ሰዎች ዝናብ በጣለ ቁጥር ምስሉ እየተቆራረጠባቸው፣ የእኔን ቃል አምነው ተቀምጠዋል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ሰኔ 26 ነበር። የቶሚ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ጥግ ያለው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። ቪዲዮው አንድ ደቂቃ ሄዶ ሦስት ደቂቃ ይቆማል። እንግሊዝኛው ሲያልፈኝ ቶሚ ይተረጉምልኛል። ሮኬቷ ነጭ ናት፤ ቀጥ ብላ ቆማ ከጎኗ እንፋሎት ይወጣል። ሩብ ሰዓት ሲቀረው ቆጠራው ቆመ።

«ላይ ያለው ነፋስ በርትቷል፤ አራዘሙት» አለኝ ቶሚ።

ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ የነዳጁ ቫልቭ በደንብ አልገጥም አለ ተባለ። በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ሮኬቷ በላዩ ስለምታልፍ የተከለከለው ባሕር ውስጥ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ገብቶ ሰዓቱ አለፈ። ይህን ወሬ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ በማግስቱ «ራቢያ ሮኬት! ዓሣው ተያዘ ወይ?» እያሉ መንገዱን ሙሉ ሳቁብኝ። አንተም ኮምቦልቻ ሆነህ ሰምተህ ነበር መሰለኝ፤ ያን ቀን ደውለህ ወዲያው ዘጋህብኝ።

በአራተኛው ሞተሮቹ ተቀጣጠሉ። እሳቱን አየሁት። ከዚያ ወዲያው ጠፋ። ኮምፒውተሩ ራሱ ነው ያቆመው አሉ። ጾሜን እንደያዝኩ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ቶሚ ጴንጤ ሆኖ እንኳን «አብሽሪ ራቢያ» አለኝ። «ያቆሟት እንዳትወድቅ ነው እኮ። ነገ ሊያስነሷት ነው ያቆሟት።»

ዒድ ሮኬቷ ሳትወጣ አለፈ። በማግስቱ አዲስ ጓጉንቸር ይዘህ ሱቁ መጣህ።

«ቃልሽ የታለ?»

«አጥፌዋለሁ።»

«ወላሂ ታሳፍሪኛለሽ! ሴት ልጅ የሰው ጣራ ላይ ስትንጠላጠል ሰፈሩ ምን ይላል?»

ልመልስልህ ስል እትዬ ፀሐይነሽ በሩ ላይ ደረሱ። የሌሊቱ ነፋስ ዲሻቸውን አዙሮባቸዋል። አንድም ቀን ያልሳቁብኝ ደንበኛዬ እሳቸው ናቸው። «እኔ እጠብቃለሁ ልጄ፤ ዋሽተሽኝ አታውቂም» ነበር ያሉኝ። መሰላሌን ተሸክሜ ወጣሁ። አንተም «ተመለሺ!» እያልክ እስከ ግቢያቸው ድረስ ተከተልከኝ።

ጣራው ላይ ሆኜ ወደ ታች ስመለከት ትጮህብኛለህ ብዬ ነበር። አንተ ግን ፊትህን ወደ አጥሩ አዙረህ፣ ሁለት እጅህን ጭንቅላትህ ላይ አድርገህ ቆመሃል።

ያኔ ገባኝ። አላፈርክብኝም፤ ፈርተህልኝ ነው።

ሙዓዝ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ከመሰላሉ የወደቅክ ቀን መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መንገድ ላይ ሰርገኞች በጡሩምባ ሲያልፉ ለማየት ዞርኩ፤ መሰላሉን ለቀቅኩት። እግርህ ተሰብሮ ሆስፒታል ስትተኛ መሬቱ ረጥቦ ነው የተንሸራተተው አልኩ፤ አንተም አመንከኝ። ከዚያ በኋላ አንተ መውጣት አቃተህ፣ ቤታችን ደግሞ መብላት ነበረበት፤ ስለዚህ እኔ ወጣሁ። «ወደ ግራ፣ ትንሽ ቀና አድርጊው» እያልክ ከታች ሆነህ ሥራውን አስተማርከኝ። በእያንዳንዷ ቀን ምን ያህል ስትፈራ እንደነበር አላወቅኩም። ፋብሪካ ሥራ እንዳገኘህ ሱቁ ይዘጋ ያልከው ለዚህ ነው።

ለመሰላሉ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ለዚያ ጥፋት ቅጣቴ ዕድሜ ልኬን መሬት ላይ መቅረት አይደለም። እነዚያ ሰዎች ሮኬቷን አራት ጊዜ ያቆሟት ሊያስነሷት ነው፤ አንተ እኔን የምታቆመኝ እንዳልነሳ ነው። ይህን አልቀበልህም።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ተነሳች። እውነቱን ልንገርህ፣ ስትነሳ አላየኋትም። እሳቱ ከሥሯ ሲወጣ ቪዲዮው ቀጥ አለ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የራሱን ሥራ ትቶ ከኋላዬ ቆሟል። ቪዲዮው ሲመለስ የቆመችበት ቦታ ባዶ ነበር። ጭስ ብቻ። ቶሚ «ሃሌሉያ!» አለ፣ እኔ «አላሁ አክበር!» አልኩ፣ ሁለታችንም ባንድ ላይ ስለጮህን ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚህኛው ሳቅ ውስጥ እኔም ነበርኩበት።

አሁን ደግሞ ደንበኞቼ «ታዲያ ምስሉ የታለ?» ይሉኛል። ሳተላይቷ ቦታዋን ይዛ እስክትሠራ ወራት ይፈጃል፤ «ትጠብቃላችሁ» እላቸዋለሁ።

«አላልኩህም?» ልልህ አይደለም። በውላችን አንተ አሸንፈሃል፤ ዒድ ካለፈ ከሳምንት በኋላ ነው የወጣችው። ባሕር ውስጥ ብትወድቅ ኖሮም ግን ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን እከፍት ነበር።

ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ሥራ አለኝ፤ ከቤትህ ፊት ለፊት ያለው ባለ ፎቅ ቤት ጣራ ላይ ነው። ወገቤ ላይ ገመድ አስሬ እወጣለሁ። ማየት ከከበደህ መስኮትህን ዝጋ። ስጨርስ መጥቼ በርህን አንኳኳለሁ። ባትከፍትልኝ የሚቀጥለው ቅዳሜም እመጣለሁ፣ ከዚያም በኋላ ባለው።

እህትህ ራቢያ፣
የቧንቧ ውሃዋ ዲሽ ሠራተኛ