ስፒል የያዘ አፍ

ውድ አባዬ፣

ፊትህን በክር ሠርቼዋለሁ። የምጽፍልህ መጨረሴን ልነግርህ ነው።

ከቀበርንህ በኋላ እማዬ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ ሳሎን የሚሰቀል የአንተን ምስል። ያለን ፎቶ የመታወቂያህ ብቻ ነው፤ ደብዝዞ ፎቶ ቤቶቹም ማጉላት አልሆን አላቸው። እኔ እሰፋዋለሁ አልኳት፣ በአንተው የስፌት መኪና።

አሠራሬን ብታይ ትቆጣኝ ነበር። ጨርቁን ከሥር የሚጎትቱትን የመኪናውን ጥርሶች ዝቅ አደርጋቸዋለሁ። መርፌው ያኔ ባለበት እንደቆመ እርሳስ ነው፤ ጨርቁን እንደ ወረቀት ከሥሩ የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። እጄ ሲፈጥን ስፌቱ ይረዝማል፣ ሲዘገይ ክሩ ይደራረባል። የግንባርህን መስመር በረጅሙ ሳብኩት፤ የዓይንህን ሥር ጥላ እየተመላለስኩ አጠቆርኩት። «ቀጥ አድርገሽ ስፊ» እያልክ አሳድገኸኝ፣ አንድም ቀጥ ያለ ስፌት የለበትም።

እማዬ መነጽሯን ጠርጋ አየችው።

«እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። «ግን ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ምኑ እንደጎደለ መናገር አልቻለችም። አንዴ ዓይኑ ነው አለች፣ አንዴ ጆሮው። እሱ ካልሆነ ግድግዳው ባዶውን ይቅር ብላ ገባች።

በማግስቱ ስፌት ሱቅህ ውስጥ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ሳሳጥር ስፒሎቹን በከንፈሬ ይዤ፣ ለጥያቄዋ በጥርሴ መሃል መለስኩላት። የወጣው ድምፅ የአንተ ነበር። ስትስቅም፣ ስትቆጣም፣ ዋጋ ስትከራከርም አፍህ ከስፒል ባዶ ሆኖ አያውቅም። ስፒሎቹን ያወጣኸው ለፎቶ አንሺው ብቻ ነው።

አፉን ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት፤ ከንፈርህን ገጠም፣ ወደ ግራ ዘንበል አድርጌ፣ ስፒሎቹን በግራጫ ክር።

እህትህ ስታየው ሙት ስፒል አስነክሶ መስቀል ነውር ነው ብላ ቁጭ ብድግ አለች። እንድፈታው ለመነችኝ። አልፈታሁትም፤ ትክክል እንደሆነ እጄ ያውቀዋል።

እማዬ ግን ተጠግታ ጣቷን ወደ አንተ ቀሰረች።

«አንተ ሰው፣ አንድ ቀን ትውጠዋለህ ብዬህ አልነበረም?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ምስማር አምጪ አለችኝ።

አሁን ከሳሎኑ በር ፊት ለፊት ነህ። እሷም ባለፈች ባገደመች ቁጥር ትቆጣሃለች። ቀጥሎ የምሠራው የእሷን ፊት ነው፣ አጠገብህ የሚሰቀል። አፏን ከፍቼ ነው የምሰፋው።

መኪናህንም ስፒልህንም የወረሰች
ልጅህ