ዘሩ ያልተቆጠረለት አማቼ

ለልጄ ለትህትና፣

እናትሽ በሕይወት ብትኖር የምትመርቅሽን ሁሉ ጌታ ይፈጽምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ዴን ሃግ ከተማ ዝናቡ አላባራም።

እሑድ ቢልመር ሰፈር ባለው የሐበሻ ጉባኤያችን፣ ከጸሎት በኋላ፣ ራሞንን ልታገቢ መሆኑን ለወንድሞች አበሰርኳቸው። ስለ ከተማው ስለ ካማጉዌይም የጻፍሽልኝን እየተኩራራሁ አወራሁ፤ ከባሕር ርቃ ኩባ መሃል ያለች ጥንታዊ ከተማ እንደሆነች፣ የዙሪያው አገር ከብቱንም በሽተኛውንም ይዞ ወደ እሷ እንደሚመጣ።

የጉባኤው ሽማግሌ ፊልጶስ፣ "ጋሽ አስራት፣ ሰባት ቤት ዘሩን ቆጠሩ ወይ?" አለኝ።

"ከቅድመ አያቱ ወዲያ ስም አያውቅም። ቀደምቶቹ ለሸንኮራ እርሻ የተሸጡ ሰዎች ናቸው" አልኩት።

"እንግዲያማ ባሪያ ነዋ! በሉ፣ ስኳር አይቸግርዎትም!" አለና ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ።

ይኸው አፍ ገና አሁን "በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን" እያለ ሲጸልይ ነበር። አንገሸገሸኝ፣ ልጄ።

የባሰው ግን የኔው መልስ ነው። "ሐኪም ነው እኮ!" አልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ውስጥ ራሴን ጠየቅሁ፤ ሐኪም ባይሆንስ ላፍርበት ኖሯል? ከፊልጶስ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ፤ እዚያው ተቀምጬ ንስሐ ገባሁ።

የጉባኤው ሽማግሌዎች "የጋብቻውን ጉዳይ እንይ" ብለዋል። አትጠብቂያቸው። እኔ አባትሽ መርቄያችኋለሁ፤ ተጋቡ። ጌታ ቤታችሁን በሰላም ይሙላው፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ የራሞንን እናት ስም ጻፊልኝ። ማታ ማታ ስጸልይ በስማቸው ልጥራቸው።

አባትሽ አስራት