ሞተር ለሌላት አውሮፕላኔ ሞተር አምጣ ላሉኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የመናፈሻዎች ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለሚሽከረከረው ወንበርዎም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ያለው ጸጉር ቤት ባለቤት የሆንኩት እኔ፣ ሥራ እንዳላስፈታዎት እየሰጋሁ ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው የት እንደገቡ እርስዎ ያውቃሉ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ ክረምቱን ሙሉ የሳሎናችን ወለል ላይ ተንበርክከን የሠራናት፣ በሪሞት የምትታዘዝ፣ ክንፏ ከአልጋችን የሚረዝም አውሮፕላን ነበረችን። ሞተር የላትም፤ አፍንጫዋ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ጅራቷን በሪሞት ለማዞር ብቻ ናት። ከመናፈሻው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ በእጅ ትወረወራለች፣ ነፋስ ይቀበላታል፣ እኔ ከታች ሆኜ አቅጣጫዋን እመራለሁ። ባለፈው ሰሞን ነፋሱ ከዳኝና የመናፈሻው የአበባ መደብ ላይ ስታርፍ፣ ጥበቃዎችዎ ወዲያውኑ በቁጥጥር ሥር አዋሏት። ለፍጥነታቸው ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ የሱቄ መስታወት የተሰበረ ጊዜ በዚሁ ፍጥነት ቢደርሱልኝ ኖሮ ልቤ በደስታ ቀጥ ይል ነበርና፣ ባለመምጣታቸው ሕይወቴን አትርፈዋል።

ቅሬታዎቼ፣ ቅሬታ የሚለው ቃል ካልከበደዎት፣ የሚከተሉት ናቸው፦

፩. አውሮፕላኗ እንድትመለስልኝ ባመለክት፣ ሞተሯን ደብቀሃል፣ እሱ ካልመጣ አትለቀቅም ተባልኩ። ሞተር እንደሌላት ለማስረዳት ሆዷን ከፍቼ ባሳይ፣ ባዶ መሆኑ ለመደበቄ ማስረጃ ሆኖ ተያዘብኝ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ምርመራ በዕድሜዬ አላየሁም።

፪. ቢጨንቀኝ፣ መካኒክ የሆነው የሚስቴ ወንድም እንደመከረኝ፣ የቤታችንን የጁስ መፍጫ ፈትቼ ሞተሩን አስረከብኩ። በደስታ ተቀበላችሁኝ። በማግስቱ ግን ባለሞተር አውሮፕላን ያለ ፈቃድ በማብረር ተከሰስኩ። ሚስቴም እስከ ዛሬ የምታናግረኝ በወንድሟ በኩል ነው፤ እሱ ደግሞ ምክሩ የማን እንደነበር ፈጽሞ ረስቶታል።

፫. አውሮፕላኗ ዛሬ ከጠረጴዛዎ በላይ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥላለች። ማስረጃ በተያዘበት ሁኔታ ይቆይ በሚለው መመሪያችሁ መሠረት፣ እንደበራች ስለተያዘች እንደበራች ትቆይ ተብሎ፣ ጥበቃው ጠዋት ጠዋት ባትሪዋን ቻርጅ ያደርግላታል። ለዚህ እንክብካቤ ቃላት ያጥሩኛል።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ትቼ ልናገርና፣ ትናፍቀኛለች። ከደንበኛ ጭንቅላት ላይ ቀና ባልኩ ቁጥር በመስኮትዎ ትታየኛለች፤ ነፋስ ሲነሳ እጄን ይበላኛል። በዚሁ ሰበብ የአንድ ሰውዬ ጺም በአንድ ወገን ብቻ ቀርቷል። እባክዎን ይመልሱልኝ። የመፍጫውን ሞተር ደግሞ ለሚስቴ ይመልሱላት፤ ከሁለቱ የትኛው ይቅደም ብለው እሷን ባይጠይቋት ግን ደስ ይለኛል።

የጽሕፈት ቤትዎ ትጋት ከእኛ ወደ ሌሎችም እንዲዳረስ አጥብቄ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ከመቀስና ከማበጠሪያ በቀር ምንም ሥልጣን የሌለኝ፣
ፊት ለፊትዎ ያለሁት ጸጉር አስተካካይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጥበቃዎችዎ አውሮፕላኗን ሲወስዱ ሪሞቱን ምን ያደርግልናል ብለው እኔው ጋ መተዋቸውን መግለጽ ዘንግቼ ነበር። ትናንት በስብሰባችሁ መሃል ጅራቷ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ፣ ሪሞቱ እጄ ላይ ነበር። ከሠራተኛው ሁሉ ቀድመው በሩን ያገኙት እርስዎ እንደነበሩ ከሱቄ ደጃፍ ሆኜ በአድናቆት ተመልክቻለሁ። ያለ ሞተር ያን ያህል መብረር እንደሚቻል በራስዎ ስላሳዩልኝ፣ በተራ ቁጥር አንድ ላይ ሌላ ማስረጃ አላቀርብም።