ወንፈላችንን ስላስቀሩልን እናመሰግናለን

ለተከበሩ የገቢ ዕቃዎች የሠራተኛ መብት አጣሪ ክፍል ኃላፊ፣
ባሕር ማዶ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ ከነመነጽርዎ፣ ከነማኅተምዎና ከነመላ ቤተሰብዎ በፍጹም ጤና እንድታገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ የደብረ ታቦሯ ምንጣፍ ሠሪ ትዝታ ዳኛቸው ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት አይዩብኝ፤ ባለ አሥራ ዘጠኝ ገጹ ቅጽዎ በራስዎ ቋንቋ ሲመጣልኝ አስተርጓሚ ፍለጋ ከተማውን በባጃጅ መዞሬን አስታውሼ፣ ይህ ዕድል እርስዎንም እንዳያመልጥዎ ብዬ ነው። ጋዜጣ ላይ ማውጣቴም ቀደም ብዬ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ነው። ቅሬታ ማለት ስለሚከብደኝ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ በጎቹ። ምንጣፌ የሚሠራው ከጋፋት በጎች ጸጉር መሆኑን ስገልጽልዎ፣ የእያንዳንዱን በግ መለያ ቁጥርና ቋሚ አድራሻ በመጠየቅዎ በጎቻችን ከማንም አግኝተውት የማያውቁትን ክብር አግኝተዋል። እኔ ራሴ የቤት ቁጥር የለኝም።

፪. ስለ ላቦራቶሪው። እርስዎ የሚያምኑት ላቦራቶሪ በአገራችን ስለሌለ፣ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ሱፍ እኔ በሕልሜም ያላየሁትን አገር በአውሮፕላን ጎብኝታለች። ንጹሕ ናት ተብላለች። ስለ ጉብኝቷ አመሰግናለሁ።

፫. ይህን ሦስተኛውን ለመጻፍ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አንስቻለሁ።

ስድስት ጎረቤቶች ነበሩኝ። ዛሬ እኔ ቤት ተሰብስበን የእኔን ሱፍ ከፈተልን፣ ነገ ራቢያ ቤት የራቢያን፣ ከነገ ወዲያ ማሬ ቤት የማሬን እንፈትላለን። የአንዳችን ገብስ ሲደርስ ደግሞ እንዝርቱን አስቀምጠን፣ ማጭድ ይዘን፣ ወደ እሷ ማሳ እንወርዳለን። ቀን በቀን ይመለሳል እንጂ በመካከላችን ክፍያ የሚባል ነገር የለም። እኛ ይህን ወንፈል እንለዋለን። ባሌ ካረፈ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ማሳዬ ጦሙን ያላደረው በዚሁ ነው።

ታዲያ ቅጽዎ ላይ «ለፈታዮች የተከፈለ ደመወዝ» የሚል ሣጥን አገኘን። ቅጹን የተረጎመልን የዩኒቨርሲቲው መምህር ፋሲል ባዶውን ብንተወው እንደሚሻል መክሮን ነበር፤ እኛ ግን መደበቅ ነውር መስሎን፣ በኩራት «የለም፤ ወንፈል ነው» ብለን አስጻፍን። ስድስቱም እየሳቁ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። ከሁለት ወር በኋላ በመጣልን ደብዳቤዎ ስድስት ሴቶችን በቤቴ ያለ ክፍያ በግዴታ እንደማሠራ፣ ለባሕር ማዶው ገዢ የላክኋቸው ሃያ ምንጣፎቼም በዚሁ ምክንያት ወደብ ላይ መያዛቸውን አወቅሁ። ባሌ የሞተ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ከጎኔ ያልተለየችውን ራቢያን በግዴታ የማሠራት እኔ መሆኔን እርስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ ከማን እሰማው ነበር?

ማስተካከያውንም አልነፈጉኝም። እያንዳንዷ ፈታይ እንድትቀጠር፣ ስትገባና ስትወጣ እንድትፈርም፣ ያለ ፊርማ አንዲት ክር እንዳትፈተል አዘዙኝ። ሌላ ገዢ ስላልነበረኝ ፈጸምሁት። ራቢያ ወረቀቱን አይታ፣ «እኔ እኮ ላግዝሽ እንጂ ልቀጠርልሽ አልመጣሁም። ባዳ አደረግሽኝ» ብላ እንዝርቷን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። የቀሩት አምስቱ ግን ፈረሙ። ሰዓቱ ሲደርስ የጀመሩትን ጨዋታ ሳይጨርሱ ተነሥተው ይሄዱ ነበር፤ ደንቡ ነውና አልተቀየምኋቸውም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የሚመጡበት ምክንያት አልነበረም።

፬. ኅዳር ገባና ገብሴ ደረሰ። እንደ ወትሮው ከቤት ቤት ዞሬ ሰው ጠራሁ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ማሬ ብቻ እየከበዳት፣ «የፈተልንልሽን ከፍለሽናል፤ እኛ ዘንድ ያንቺ ቀን የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም በተራዬ የእነሱን ሱፍ ያልፈተልሁት፣ ያለ ክፍያ ሠራች እንዳልባል ቅጽዎን ፈርቼ ነው።

አምስት ቀን ብቻዬን አጨድሁ። የታችኛው ግማሽ ሳልደርስለት ረገፈ። ቀትር ላይ ማሳው ዳር ተቀምጬ፣ ክቡርነትዎን ለማሳዘን ሳይሆን እውነት ስለሆነ እጽፈዋለሁ፣ ከባሌ ቀብር ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ያኔ እንኳ ስድስት ሴቶች አብረውኝ ያለቅሱ ነበር።

፭. በታኅሣሥ የምስክር ወረቀትዎ ከነወርቃማ ማኅተሙ ደረሰኝ። ምንጣፎቼ ተለቀቁ፤ ገዢውም ሌላ ሃያ አዘዘ፤ አምስቱ ግን ዳግመኛ ሊፈርሙ አልወደዱምና የሚፈትልልኝ የለም። ወረቀቱ በዚህ ቤት ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው እንደሌለ ያረጋግጣል። ፍጹም ትክክል ነው። በዚህ ቤት ጨርሶ ሰው የለም።

ስለ መብታችን ሲሉ እንቅልፍ ላጡት ክቡርነትዎ የማይነጥፍ አክብሮቴን በትሕትና እያቀረብሁ፣ ከወንፈል ነጻ የወጣሁት፣ ሕጋዊ፣ ባለ ምስክር ወረቀትና ብቸኛ ታዛዥዎ፣

ትዝታ ዳኛቸው
ደብረ ታቦር

በድጋሚ፦ ከወረቀቱ ግርጌ በመጪው ዓመት መርማሪ እንደምትልኩ አንብቤያለሁ። እባክዎ በኅዳር ይምጣ። ትርፍ ማጭድ አለኝ፤ ጠዋትና ማታ አስፈርመዋለሁ፤ ደመወዙንም በቅጽዎ መሠረት እከፍለዋለሁ። ምሳውን ግን ሳላስፈርም ነው የማበላው፤ አብሮኝ የሚበላ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ።